ጃማይካ ሄዶ የሆቴል ቡፌ ብቻ በልቶ መመለስ

የመክፈቻው ጽሑፍ

ጃማይካ ለዕረፍት የምትሄዱ ሁሉ፣ እባካችሁ ከሆቴላችሁ ግቢ ወጥታችሁ ብሉ። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ለዚህ ነው።

ከአሜሪካና ከካናዳ ለሚነሳ ሰው ደሴቷ ሩቅ አይደለችም። ባሕሩ ያምራል። ብዙዎቻችን የምንይዘው መኝታውም፣ ምግቡም፣ መጠጡም አንድ ላይ የሚከፈልበትን፣ ኦል ኢንክሉሲቭ የሚባለውን ሆቴል ነው። በዚህ አሠራር ስሙ የገነነው ሳንዳልስ የተጀመረው እዚያው ሞንቴጎ ቤይ ውስጥ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። ጥቅሙ ይገባኛል። ሂሳብ አያሳስብም፣ ልጆችም ሲርባቸው ይበላሉ። ግን ሰው ከአውሮፕላን ጣቢያ በሆቴሉ አውቶቡስ ይገባል፤ ሳምንቱን ሙሉ ፓስታና ሀምበርገር ሲበላ ይከርማል፤ በዚያው አውቶቡስ ይመለሳል። ከዚያ የጃማይካ ምግብ ያን ያህል አይደለም እያለ ሲያወራ እሰማለሁ። ይሄ ያናድደኛል።

የጃማይካ ምግብ ያለው መንገድ ዳር ነው። ለሁለት በተሰነጠቀ በርሜል ውስጥ ከሰል ነዶ ዶሮ የሚጠበስበት ቦታ፣ ኩክሾፕ የሚሏት ጠባብ ምግብ ቤት፣ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን የሚያቆሙበት ዳርቻ። እዚያ ስትበሉ ገንዘባችሁ በቀጥታ ለምታበስለው ሴትዮ ይደርሳል። ቅመሙም እሷ ለቤቷ የምትጨምረው ቅመም ነው፤ ለእንግዳ ተብሎ አልተቀነሰም።

ጥያቄዬ ይኸው፦ የት በላችሁ? ሂሳቡ እንዴት ነበር? ከልጆች ጋር የሄደ፣ ጾም ላይ የሄደ፣ አሳማ የማይበላ ሰው ምን ያድርግ?

ምላሹ በዛ። አንዳንዱ ጨዋ ነው፣ አንዳንዱ መረር ያለ። አዲስ ለሚገባ አንባቢ እንዲመች በየቁጥራቸው የተባለውን እተርካለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ ከሜሪላንድ ናት። ሙሉ በሙሉ ተስማማች። ሞንቴጎ ቤይ ከሆቴሏ ወጥታ መጀመሪያ የገዛችው ፓቲ ነበር። ሊጡ ቢጫ ነው፣ ውስጡ በቃሪያና በቅመም የተሠራ የተፈጨ ሥጋ አለበት። የአገሩ ሰው ፓቲውን ኮኮ ብሬድ በሚባል ለስላሳ ዳቦ መሃል አስገብቶ ሲበላ አይታ እሷም እንደዚያው አደረገች። ቴስቲ እና ጁሲ የሚባሉት የፓቲ ቤቶች በብዙ ከተማ ስላሉ፣ ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል ነገር እንደሌለ መከረች። ዋጋው አይጎዳም። ወረፋው ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪም ፖሊስም አብሯችሁ ይቆማል።

ምላሽ 2 እና 3

ሁለተኛው ሰው ምግቡን ትቶ ትራንስፖርቱን ጠየቀ። ሆቴሉ ውስጥ ጉዞ የሚሸጡት ሰዎች ብቻውን እንዳይወጣ እንዳስፈራሩት፣ ማንን ማመን እንዳለበት እንደቸገረው ጻፈ።

ሦስተኛው መልሱን አሳጥሮ ሰጠው። ታርጋው ቀይ ካልሆነ አትግባ አለው፤ ሰው ለማጓጓዝ የተፈቀደለት ታክሲ ታርጋው ቀይ ነው። በመስመር የሚሠራውና ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር የምትጋራው ሩት ታክሲ ርካሽ ነው። ለብቻህ ከያዝከው ግን ዋጋው ሌላ ነው፤ እሱን ደግሞ በሩን ከመክፈትህ በፊት መነጋገር ያስፈልጋል። ማታ ከሆነ ታክሲውን የበላህበት ቤት ይጥራልህ አለው። እኔም የምጨምረው አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው በምሳ ሰዓት ይውጣ። ብርሃን ነው፣ ምግቡም ከድስት የወጣ ትኩስ ነው።

ምላሽ 4

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። የሦስት ልጆች አባት ነኝ ያለ ሰው ክሩን የከፈትኩትን እኔን ወቀሰ። ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሥራ ሠርቶ ያጠራቀመውን ገንዘብ አስቀድሞ ለሆቴል ከፍሏል። ለምን ሁለተኛ እንደሚከፍል አልገባውም። ልጆቹ ቃሪያ አይነኩም፣ ሚስቱ ዕረፍት የምትለው ምንም ሳታስብ መቀመጥን ነው። ሰው በገዛ ዕረፍቱ እንዴት እንደሚበላ ሌላ ሰው ሊያስተምረው እንደማይገባ በግልጽ ነገረኝ።

ድካሙን አከብራለሁ። ቢሆንም ነጥቤን አልተውኩም። አንድ ምሳ ውጭ መብላት የሳምንቱን ክፍያ ከንቱ አያደርገውም።

ምላሽ 5

አንዲት እናት ከአባትየው ጎን ቆመች፤ አነጋገሯ ግን ለስላሳ ነበር። ትንሽ ልጇ ለኦቾሎኒ አለርጂ ስላለባት የምታምነው ምግቡ ምን እንዳለው በጽሑፍ የሚለጥፈውን የሆቴል ወጥ ቤት ብቻ ነው። ይህ በቂ ምክንያት ነው፤ ማንም አልተከራከራትም።

ምላሽ 6

ከሁሉም ረጅሙና ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። የጻፈችው ኒው ዮርክ የምትኖር ነርስ ናት። ባሏ ጃማይካዊ ነው፣ በደሴቷ ሰሜን ምሥራቅ ካለችው ከፖርትላንድ። መጀመሪያ እኔን አረመችኝ። የሆቴሉን ምግብ የሚያበስሉትም ጃማይካውያን ናቸው፤ እጃቸውን አትናቁ አለች። ችግሩ ያለው የሚያበስሉትን ሜኑ ሌላ ሰው ስለሚወስንላቸው ነው። ስለዚህ የምትመክረው ብልሃት አለ፦ ቡፌው ላይ የሚያስተናግደውን ሰው እሱ ራሱ በዕረፍት ቀኑ የት እንደሚበላ ጠይቁት። የሚነግራችሁ ቦታ በጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ላይገኝ ይችላል፣ አሳፍሯት ግን አያውቅም።

ከዚያ በቅመም ታሽቶ በጭስ ስለሚበስለው ሥጋ፣ ስለ ጀርክ ጻፈች። የባሏ አገር ፖርትላንድ የጀርክ አገር ነው፤ ከፖርት አንቶኒዮ በስተምሥራቅ ያለችው ቦስተን ቤይ በእሱ ትታወቃለች። ታሪኩ ከባርነት አምልጠው ተራራ ውስጥ ከኖሩት ማሩኖች ይጀምራል። የዱር አሳማ አድነው በቅመም ያሹና በእንጨት እሳት ቀስ ብለው ያበስሉ ነበር። እንግሊዞች እነዚህን ሰዎች በጦርነት ማንበርከክ ስላቃታቸው በ1739 እ.ኤ.አ. ውል ተዋዋሉ። ቦስተን ቤይ ዛሬም ሥጋው የሚበስለው በፒሜንቶ እንጨት ላይ ነው። ፍሬውን እንደ ቅመም የምናውቀው ዛፍ ራሱ ማገዶ ይሆናል። በላዩ ቆርቆሮ ይደፋበታል፣ ጭሱ ሥጋው ውስጥ ይገባል። ቅመሙ ስኮች ቦኔት የሚባለው ኃይለኛ ቃሪያ፣ ጦስኝ፣ ቅጠላማ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና የፒሜንቶ ፍሬ ነው። ሲደርስ በትልቅ ቢላዋ ይከተከታል፣ በሚዛን ይሸጣል። አብሮት የሚቀርበው ፌስቲቫል የሚሉት ጣፈጥ ያለ የተጠበሰ የበቆሎ ሊጥ ወይም በእሳት የተጠበሰ ብሬድፍሩት ነው።

ሚጥሚጣ የለመደ ሰው ስኮች ቦኔትን እንዳይንቅ ስታስጠነቅቅ ከልቧ ነው። ሶሱን ለብቻው አስቀርቡና በትንሹ ጀምሩ ብላለች።

ምላሽ 7 እና 8

አንድ ወጣት ጀርኩን ዋሽንግተን ውስጥ ከምግብ መኪና እየገዛ ስለሚበላ እዚያ ድረስ መሄድ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀ። ስምንተኛው ወዲያው ወደ 6ኛው ምላሽ መለሰው። በጋዝ የተጠበሰ ዶሮ ላይ ሶስ ማፍሰስና በፒሜንቶ ጭስ ቀስ ብሎ ማብሰል አንድ አይደለም። ሞንቴጎ ቤይ ያረፈ ሰው ፖርትላንድ ድረስ ግማሽ ቀን መንዳት ካልፈለገ ስኮቺስ የሚባለው ቤት በፒሜንቶ እንጨት እንደሚያበስል ነገረው። ቱሪስት ይበዛበታል፣ ግን የአገሩም ሰው አለ። በዚህ እስማማለሁ።

ምላሽ 9 እና 10

ዘጠነኛዋ ሙስሊም እህት ናት። አሳማና ዶሮ በአንድ ፍርግርግ ላይ ሲገላበጥ ስላየች ጀርክ ሳትቀምስ ተመለሰች፤ ሌላ ሰው ሳይጠይቅ እንዳይበላ ለማሳሰብ ነው የጻፈችው።

አሥረኛው ሰው ያነሳው ብዙዎቻችን የማናስበውን ነው። አሳማው ያለው ጀርክ ላይ ብቻ አይደለም። ስቱ ፒስ የሚባለው የቀይ ቦሎቄ ወጥ ብዙ ጊዜ በጨው የቆየ የአሳማ ጅራት ይገባበታል። ሲያዩት የጾም ይመስላል። ስለዚህ ቦሎቄ ነው ብሎ ዝም ብሎ ማዘዝ አያዋጣም። በሌላ በኩል ደሴቷ ላይ ብዙ አድቬንቲስቶችና ራስ ተፈሪያን ስላሉ፣ አሳማ አልበላም የሚል እንግዳ ለአስተናጋጁ አዲስ ነገር አይደለም። ብትጠይቁ በግልጽ ይነግሯችኋል። ፍየል ለሚወድ ሰው ደግሞ ከሪ ጎት አለ። ከሪ የሚባለው ቅመም የመጣው ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሸንኮራ እርሻ ሥራ በኮንትራት ከገቡት ሕንዶች ጋር ነው።

ምላሽ 11

የጾሙን ጥያቄ የመለሰው ይህ ነው። ጸሐፊው በፍልሰታ ጾም ጃማይካ ነበር፤ የበላውም በራስ ተፈሪያን ምግብ ቤት ነው። ምግባቸው አይታል ይባላል። ሥጋ የለውም፤ አጥብቀው የሚይዙት ጨው እንኳ አይጨምሩም። ዱባ፣ ቦሎቄ፣ ካላሉ የሚባለው ጎመን፣ ሥራ ሥሩ ሁሉ በኮኮናት ወተት ይሠራል። ቅቤና ወተት ይኖርበት ይሆን ብሎ መጨነቅ እንዳላስፈለገው፣ ከኢትዮጵያ መምጣቱን ሲናገር ግን ያለ ክፍያ ሊያበሉት እንደታገሉ ጻፈ። ከፍሎ ወጣ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ እነዚህ ሰዎች አገራችንን የሚወዱበት ልክ ብዙዎቻችን የምናውቀው አይደለም። ያለ ጨው ለከበደው ሰው ቃሪያና ሎሚ መጠየቅ ይችላል ብሏል።

ከዚሁ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። የአትክልት ፓቲ የሚባለው ሊጡ የእንስሳት ስብ ሊኖረው ስለሚችል የሚጾም ሰው ይጠይቅ።

ምላሽ 12 እስከ 17

ክሩ እዚህ ላይ ከመንገዱ ወጣ። 12ኛዋ ጾም ላይ ዳርቻ ሄዳ ዓሣ መብላቷን ጠቀሰች፣ እግረ መንገዷን። 13ኛው ዓሣ በጾም አይበላም ብሎ ቆጣ አለ። 14ኛው አያቶቹ ይበሉ እንደነበር መሰከረ። 15ኛው አብይ ጾምን ከሌላው ጾም ለየ። 16ኛው ሁለቱንም ስለ ሃይማኖታቸው ዕውቀት ጠየቃቸው፣ አጠያየቁም የሚያስከፋ ነበር። 17ኛው ዕድሜያቸው የገፋ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ልጆቼ እያሉ መከሩ፦ ይህ የንስሐ አባታችሁ የሚመልሰው ጥያቄ ነው፣ ክሩ የተከፈተው ስለ ጃማይካ ምግብ ስለሆነ ወደዚያው ተመለሱ። አመሰገንኳቸው።

የ12ኛዋ ምላሽ በዚህ ሁሉ ጩኸት መረሳት የለበትም፤ ምክሯ ጥሩ ነው። የበላችው ኪንግስተን አቅራቢያ ሄልሻየር ዳርቻ ላይ ነው። ዓሣውን ጥሬውን አይታ መረጠች፣ ተጠበሰላት፣ በላዩ ሽንኩርት፣ ካሮትና ቃሪያ በኮምጣጤ ተደርጎ መጣ። ይህ ኤስኮቪች ነው። አብሮት የቀረበው ባሚ ይባላል፣ ከካሳቫ የሚጋገር ክብ ቂጣ ነው። የጉራጌ አገር ሰው ስለሆነች ባሚውን ስትቆርስ ቆጮ ትዝ አላት። ካሳቫውም እንደ እንሰቱ ተፍቆ፣ ተጨምቆ፣ ከዚያ ነው የሚጋገረው።

ምላሽ 18 እና 19

18ኛዋ አኪ ስለሚባለው ፍሬ ጠየቀች። አኪ በጨው ከደረቀ ዓሣ ጋር ተሠርቶ የጃማይካ ብሔራዊ ምግብ ነው። መርዝ አለው ሲባል ሰምታ ፈርታለች።

ነርሷ፣ የ6ኛው ምላሽ ባለቤት፣ ተመልሳ መጣች። ፍርሃቱ መሠረት አለው አለች። ያልበሰለ አኪ ሃይፖግሊሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ የደም ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል። አሜሪካ ከ1973 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ አኪ እንዳይገባ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው። ግን ቀዩ ልጣጭ ዛፉ ላይ እያለ ራሱ ሲከፈት ፍሬው በስሏል ማለት ነው፤ ሠሪዎቹ ይህን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ባሏ በየቅዳሜና እሑዱ ቁርስ ያደርገዋል። በቡፌ ላይ ብዙ ሰው የእንቁላል ፍርፍር መስሎት የሚያነሳው ቢጫ ነገር እሱ ነው። ገበያ ላይ ጥሬውን ገዝታችሁ ለመሥራት ግን አትሞክሩ፤ ከሚያውቅ እጅ ብሉት።

ስለ ዓሣውም አንድ ነገር ተናገረች። ካሪቢያን ባሕር የተከበበች ደሴት ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ደረቅ ዓሣ ለምን ብሔራዊ ምግቧ ሆነ? በባርነት ዘመን የእርሻ ጌቶች ለሠራተኞቹ ያስመጡት የነበረው ርካሽና የማይበላሽ ምግብ እሱ ስለነበረ ነው። አኪውም የመጣው ከምዕራብ አፍሪካ ነው። ያንን ሳህን አንስቶ ይህን ሳያውቅ የሚያስቀምጥ ሰው ባይኖር እመኛለሁ።

ምላሽ 20 እስከ 23

ከሁሉ የከረረው ክርክር የመጣው በሂሳብ ነው። 20ኛው ሰው አንድ ዳርቻ ላይ ዓሣ በልቶ የመጣለት ቢል ካሰበው እጅግ በለጠ። ተዘርፌያለሁ አለ። ከዚያ አልፎ ስለ ሕዝቡ ሁሉ ክፉ ቃል ጻፈ። 21ኛዋ አልማረችውም። ዋጋ ሳይጠይቅ ያዘዘ ሰው አገር መስደብ እንደማይችል፣ የተጻፈውንም እንዲያጠፋ ነገረችው። ትክክል ናት። ስድቡ ተነሥቷል።

22ኛው በሬስቶራንት ሂሳብ ሠራተኝነት የሚተዳደር ሰው ነው፤ ነገሩን አፍታቶ አስረዳ። አንደኛ፣ ዓሣ የሚሸጠው በፓውንድ ነው። ስለዚህ ዓሣው ዘይት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይመዘን፣ ዋጋውም ይነገር። ሁለተኛ፣ የዶላር ምልክት ስታዩ የየትኛው አገር እንደሆነ ጠይቁ። አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ150 የጃማይካ ዶላር በላይ ነው፣ ሁለቱም በአንድ ምልክት ይጻፋሉ። ሦስተኛ፣ ጂሲቲ የሚባል ግብር አለ፤ መደበኛው 15 በመቶ ነው። ብዙ ሬስቶራንት ደግሞ 10 በመቶ ያህል የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል። በሜኑ ላይ 3,000 የጃማይካ ዶላር የተጻፈ ዓሣ ሁለቱም ሲጨመሩበት 3,750 ይሆናል። ግብሩ በሕግ የሚጨመር፣ የአገልግሎቱ ክፍያም ቤቱ የሚጨምረው እንጂ ዝርፊያ አይደለም። ትንሿ ኩክሾፕ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈውን ትከፍላላችሁ።

23ኛዋ ቲፕ ላይ ተነሳች፣ ለእኛም አልራራችም። እሷ ራሷ አሜሪካ ውስጥ አስተናጋጅ ሆና ሠርታለች። የአገልግሎት ክፍያ ቢሉ ላይ ካለ ተጨማሪው በፈቃድ ነው፤ ከሌለ ግን ከ10 እስከ 15 በመቶ መተው ግዴታችን እንደሆነ አስረግጣ ጻፈች። እዚህ አገር በቲፕ ልጆቻችንን እያሳደግን እዚያ ሄደን ሳንቲም መቁጠር እንደሚያሳፍር ተናገረች። አንዳንድ ሆቴሎች፣ ሳንዳልስን ጨምሮ፣ ሠራተኞቻቸው ቲፕ እንዳይቀበሉ ስለሚከለክሉ እዚያ በግድ ሰጥታችሁ ሰው ችግር ውስጥ እንዳትከቱ አሳሰበች። ቃል በቃል የምስማማበት ምላሽ ነው።

ምላሽ 24 እስከ 27

እንደገና ወጣን፣ ግን በዚህኛው ቅር አልተሰኘሁም። 24ኛው በ1958 ዓ.ም. ሚያዝያ 13 ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲያርፉ የነበረውን ሕዝብ አስታወሰ። ሕዝቡ አውሮፕላኑን ስለከበበው ንጉሡ ወዲያው መውረድ አልቻሉም፤ የራስ ተፈሪያኑ መሪ ሞርቲመር ፕላኖ ወጥቶ ነው ሕዝቡን ያረጋጋው። ዛሬም ዕለቱ ይከበራል። 25ኛዋ ማክስፊልድ ጎዳና ላይ ባለው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እሑድ ማስቀደሷን ጨመረች። ከቅዳሴ በኋላ ዴቨን ሃውስ ሄዳ አይስክሬም በላች። ቤቱ በ1881 እ.ኤ.አ. የተሠራው ጆርጅ ስቲብል በተባለ ጥቁር ባለሀብት ነው፤ ግቢው ዛሬ የቤተሰብ መዝናኛ ነው። ልጆች ያላችሁ፣ ኪንግስተን ከደረሳችሁ ይህ ቦታ ምንም አይከብድም።

26ኛው በጃማይካ ተራራ የሚበቅለው ብሉ ማውንቴን ቡና ከይርጋጨፌ አይበልጥም ሲል፣ 27ኛዋ ማወዳደሩ አላስደሰታትም። ቡና ጃማይካ የገባው በ1728 እ.ኤ.አ. እንደሆነ፣ ዛሬም አብዛኛው ወደ ጃፓን እንደሚሸጥ፣ ሆቴል ውስጥ በነፃ የሚቀዳው ብዙ ጊዜ እሱ እንዳልሆነ ጻፈች። ለመቅመስ የፈለገ ተራራው ላይ ወጥቶ ገበሬዎቹ ዘንድ ይጠጣ። እሸቱን ከሚያጥበው ሰው ፊት ቁጭ ብሎ መጠጣት ለእኛ ለቡና ልጆች የሚገባ ነገር ነው።

ምላሽ 28

ይህን በደንብ አንብቡት። 28ኛዋ ያነሳችው አውሎ ነፋሱን ነው። ሜሊሳ በ28 ኦክቶበር 2025 የጃማይካን ደቡብ ምዕራብ በ5ኛ ደረጃ ጉልበት መታ። ብላክ ሪቨር ከተማ ክፉኛ ተጎዳች። ያ አካባቢ ከደሴቷ ጥሩ መብያዎች አንዱ ነው። ሚድል ኳርተርስ ላይ ሴቶቹ መንገድ ዳር ቆመው በቃሪያ የተቀቀለ ሽሪምፕ በፌስታል ይሸጣሉ። ስኮትስ ኮቭ ላይ የተጠበሰ ዓሣና ባሚ አለ። ደቡብ ዳርቻው ከዚያ በፊት በጁላይ 2024 በቤሪል ተመትቶ ነበር። ስለዚህ አሮጌ ዝርዝር ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቤቱ መከፈቱን ደውላችሁ አረጋግጡ አለች።

አንድ ሰው ከሥሯ ታዲያ ወደ ተጎዳ አገር ለመዝናናት መሄድ ነውር አይደለም ወይ ብሎ ጠየቃት። መልሷ አጭር ነበር። ቆርቆሮዋ የተገነጠለባት ሴትዮ የምትፈልገው ደንበኛ ነው። በዚህ ጉዳይ የእኔም አቋም ይኸው ነው። በሆቴል የሚቀር ገንዘብና መንገድ ዳር ድስት ጥዳ ለቆመች ሴት የሚደርስ ገንዘብ አንድ አይደለም። ከሜሊሳ በኋላ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰማል።

ምላሽ 29 እስከ 31

29ኛው ስለ ሎብስተር አስታወሰ። ከኤፕሪል 1 እስከ ጁን 30 ማጥመዱ የተከለከለ ነው። በእነዚህ ወራት ዳርቻ ላይ ትኩስ ሎብስተር አለኝ የሚላችሁ ሰው ካለ አትግዙት።

30ኛው የ4ኛው ምላሽ አባት ነው፤ ተመልሶ መጣ። አሁንም አልተስማማም። የሂሳቡን ማብራሪያ ግን አመስግኗል። ሌላ ጥያቄም ነበረው፦ ቃሪያ የማይበላ ልጅ ምን ይዘዝለት? 31ኛዋ ዝርዝር ሰጠችው። ብራውን ስቱ ዶሮ ይባላል፣ መረቁ ቡናማ ነው፣ ብዙም አያቃጥልም። ራይስ ኤንድ ፒስ በኮኮናት ወተት የሚበስል ሩዝና ቀይ ቦሎቄ ነው፤ እሑድ የትም አይጠፋም። ፌስቲቫሉን ልጅ ሁሉ ይወደዋል። ቅዳሜ ደግሞ የሾርባ ቀን ነው፤ የዱባውን ሾርባ ያለ ቃሪያ እንዲያወጡለት ይጠይቅ። ቃሪያው ብዙ ጊዜ ሳይፈነዳ ሙሉውን ነው የሚጣለው፤ ከላይ ቶሎ ከወጣ ሾርባው አያቃጥልም።

ሰውየው ላይክ አድርጎ ወጣ። ይሂድ አይሂድ አልጻፈም።

በቅርቡ የተመለሳችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ሜሊሳ በመታቸው በዌስትሞርላንድና በሴንት ኤልዛቤት በኩል የትኛው ቤት እንደተከፈተ፣ የትኛው ገና እየተጠገነ እንደሆነ 32 ብላችሁ ቀጥሉ። ቦታውን፣ ያዘዛችሁትንና የከፈላችሁትን በጃማይካ ዶላር ጻፉ።